«ልጆቹ አይሰሙም» ላሉት ለክቡር ሥራ አስኪያጃችን

ለክቡር አቶ ምኮሊሲ ንጁዛ
የዘንዜሌ ሆስፒታል ዋና ሥራ አስኪያጅ
ምሥራቅ ኬፕ፣ ደቡብ አፍሪካ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ በጎሳዎ ስም «ቤሌ» ብዬ አክብሬ እየጠራሁ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ሳንባዎ የጠራ፣ ጉልበትዎ የጸና፣ እንቅልፍዎ የሰላም ይሁን። ታመው በራስዎ ሆስፒታል ከመተኛት ፈጣሪ ይሰውርዎ፤ ይህችን ምርቃት ከልቤ የመረቅኩዎ መሆኑን ይወቁልኝ።

ባለፈው እሑድ በሬዲዮ ሲናገሩ እኔም እራት ቀርቦልኝ አዳምጥዎ ነበር። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ወጣቶች መድኃኒት የተላመደው ቲቢ ሲጨመርባቸው ሕክምናው ለምን እንደማይሰምር ጋዜጠኛዋ በትሕትና ብትጠይቅዎ፣ ጉሮሮዎን ጠርገው «መድኃኒቱ አለ፣ ሐኪሙም አለ፤ ችግሩ ልጆቹ ናቸው። ልጆቹ አይሰሙም» አሉ።

ክቡር ሆይ፣ እውነት ብለዋል። የእህቴ ልጅ ኖሉቮ ከጎኔ ተቀምጣ የተከካ በቆሎና ባቄላዋን ትበላ ነበር፤ ሬዲዮውም ክርኗ አጠገብ ነበር፤ አልሰማችዎትም። ያሉትን በወረቀት ጽፌ ሳሳያት ማንኪያዋን አስቀምጣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። «ማሉሜ» አለችኝ፣ አጎቴ ማለቷ ነው፣ «ልክ ናቸው እኮ! ግን ማን እንዳደነቆረን ረሱት እንዴ?»

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እንግዲህ ለማስታወስ ያህል ነው። በጋዜጣ እንዲወጣ ያደረግሁትም፣ በግል ብልክልዎ ከትሕትናዎ የተነሳ ምስጋናዬን ይደብቁታል ብዬ ስለሰጋሁ ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት የኮሳን ቋንቋ ብቻ በሚያውቅ ተከሳሽና ያንን ቋንቋ በማያውቅ ዳኛ መሃል ቆሜ ነውና፣ ዓረፍተ ነገሬ ቢረዝምብዎ የሥራ ጠባይ ነው ብለው ይለፉኝ።

ኖሉቮ ቫይረሱን ይዛ የተወለደች ልጅ ናት። እናቷ፣ እህቴ፣ ገና ሳትጠግባት ስለሞተች ያሳደግኋት እኔ ነኝ። የምሽት ኪኒኗን እኔ ብረሳ እሷ አትረሳም። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ሳል ያዛት፤ የትምህርት ቤት ቀሚሷ በላይዋ ላይ ዋኘ፤ ስትመረመርም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው ተባለና ወደ እርስዎ ተላክን። ዘንዜሌ በቋንቋችን «ራስህ ለራስህ አድርገው» ማለት መሆኑን ያኔ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ብዙ ድካም በቀረልኝ ነበር።

አንደኛው ምስጋናዬ ለኖሉቮ ስለሰጧት ዕድሜ ነው። የሕፃናት ክፍል በር ላይ «አሥራ ሁለት ዓመት ያለፈው እዚህ አይተኛም» ተብለን ወደ አዋቂ ሴቶች ክፍል ተላክን፤ የልጅ ልጆች ካሏቸው ከእማማ ማምቶሎ ጎን አልጋ ተሰጣት። ትልቅ ሰው ተባልኩ ብላ ደስ አላት። በማግስቱ ዶክተር ሙድሊ የተባሉት ወጣት ሴት ሐኪም መጥተው፣ አዲስ ኪኒን እንዳለ፣ እንደ ድሮው መርፌ ጆሮ እንደማያደነቁር፣ ነገር ግን የተፈቀደው ከአሥራ ስምንት ዓመት ጀምሮ ላለ ሰው ብቻ እንደሆነ አስረዱን። ስለዚህ እማማ ማምቶሎ ኪኒኑን ይውጡ ጀመር፤ ኖሉቮ ሕፃን ናትና ጆሮ የሚያደነቁረው መርፌ ታዘዘላት። ለአልጋ ትልቅ፣ ለኪኒን ሕፃን። ቂጧ ከመርፌው ብዛት አብጦ በሆዷ ተኝታ ስታለቅስ ደግሞ «ትልቅ ሰው አይደለሽም እንዴ?» ትባላለች። በፍርድ ቤት ዘመኔ በአንድ ሰዓት ሁለት ቦታ ነበርኩ ብሎ የማለ ሌባ አጋጥሞኛል፤ አንድ ልጅ በአንድ አልጋ ላይ ሁለት ዕድሜ ስትይዝ ያየሁት ግን በእርስዎ ዘመን ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛው ስለ ጆሮ ምርመራው ነው። መርፌው መስማትን እንደሚወስድ ሐኪሞቹ ራሳቸው ስለሚያውቁ፣ የሚወጉ ልጆች ጆሯቸው በየጊዜው መለካት ነበረበት። የመለኪያው ክፍል አለ፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ድምፅ እንዳያስገባ ግድግዳው በስፖንጅ ተለብጧል። ጸጥታውን ስለወደዱት ግን ክቡርነትዎ የስብሰባ አዳራሽ አድርገውታል። እዚያ ውስጥ የሚወሰነው ነገር ውጭ ላለነው የማይሰማን ለካ በስፖንጁ ምክንያት ኖሯል።

ይሁን እንጂ ሆስፒታልዎ ሳያስበው ሌላ የጆሮ መለኪያ አዘጋጅቶልን ነበር። በሴቶች ክፍል ጣሪያ ላይ፣ ልክ ከኖሉቮ አልጋ በላይ፣ ባትሪው የደከመ የጭስ ማስጠንቀቂያ አለ። ትንሽ ይቆይና «ጪው!» ይላል፤ ልብ ሲያርፍ እንደገና «ጪው!»። ቀጭን ድምፅ ነው፤ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ሴቶቹ ጆሯቸውን በጥጥ ደፍነው ይውላሉ። እማማ ማምቶሎ «ወይ ይሄ ነገር ይገድለኛል ወይ እኔ እገድለዋለሁ፤ ቲቢዋ ተራዋን ትጠብቅ!» እያሉ በምርኩዛቸው ይዝቱበት ነበር። ሲስተር ፑሜዛ የጥገና ክፍሉን ደጋግማ ለምናለች፤ መልስ አልመጣም። ኖሉቮም መጀመሪያ ላይ ትራሷን ጭንቅላቷ ላይ ጭና ነበር የምትተኛው።

አንድ ቀን ልጠይቃት ብሄድ ፊቷ ፈክቶ ቁጭ ብላ አገኘኋት። «ማሉሜ፣ ተመስገን ነው፣ አሠሩት እኮ! ትናንት እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኛሁ መሰለህ!» አለችኝ።

ከአናቷ በላይ «ጪው!» አለ።

እማማ ማምቶሎ የሚሠሩትን የክር ሹራብ ጭናቸው ላይ ጣሉት። ሲስተር ፑሜዛ የመድኃኒት ጋሪዋን ይዛ ባለችበት ቆመች። ኖሉቮ አንዳችንን ባንዳችን እያየች «ምን ሆናችሁ?» አለች። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ማድረጌን የወደድኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አፌ ምን እንደሆነ አላየችም።

ሲስተር ፑሜዛ እየሮጠች ሄዳ «ልጅቷ የማስጠንቀቂያውን ድምፅ መስማት አቁማለች!» ብላ አመለከተች። ሆስፒታልዎም፣ ምስጋና ይግባውና፣ ታይቶ በማይታወቅ ፍጥነት እርምጃ ወሰደ። ምሳ ሳይደርስ አንድ የጥገና ሠራተኛ መሰላል ይዞ መጣና ማስጠንቀቂያውን ነቅሎ በኪሱ ከተተው። «አቤቱታው ተፈትቷል፤ ከእንግዲህ ማንም አይሰማውም» አለ።

እማማ ማምቶሎ ከታች ሆነው «አንተ ልጅ፣ የተበላሸው እሱ አይደለም!» ብለው ጮኹበት።

በማግስቱ ጠዋት መርፌው ቀጠለ፤ ምክንያቱም ስለ መርፌው ማንም አቤቱታ አላቀረበም ነበር።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ከሙያዬ ጋር ይያያዛል። ዶክተር ሙድሊ ነገሩን ሲሰሙ ደነገጡ፤ «ለኖሉቮ አዲሱ ኪኒን በልዩ ፈቃድ እንዲሰጣት ወደ ላይ እጽፋለሁ» አሉ። ችግር ግን ነበረው። ኖሉቮ ለኤች አይ ቪ የምትውጠው የምሽት ኪኒን አዲሱን የቲቢ ኪኒን ያደክመዋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የምሽቱ ኪኒን በሌላ መቀየር አለበት፤ ሳይቀየር ፈቃዱ አይመጣም። ያንን የሚቀይሩት ደግሞ በኤች አይ ቪ ክሊኒክ ያሉት ዶክተር ስዋርት ናቸው። ሄድኩ። ዶክተር ስዋርት መነጽራቸውን አውልቀው «የምሽት ኪኒኗ ደህና እየሠራ ነው። የሚሠራን ነገር አልነካም። መጀመሪያ የአዲሱ ኪኒን ፈቃድ ይምጣ፣ ከዚያ እቀይራለሁ» አሉ። ተመለስኩ። ዶክተር ሙድሊ «ሳይቀየር ፈቃዱ አይመጣም ብያለሁ እኮ አባባ» አሉ። ሄድኩ። ዶክተር ስዋርት «ለማንኛውም ልጅቷን ራሷን አምጣት» አሉ። ተመለስኩ። የክፍሉ ዘበኛ «በሽታዋ ይተላለፋል፤ ከበር አትወጣም» አለ።

ሁለቱን ሕንፃዎች የሚለያቸው የመኪና ማቆሚያ ነው፤ አንዲት ዶሮ በአንድ ትንፋሽ ትሻገረዋለች። ሁለቱም ሐኪሞች እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ እኔም መሃል ላይ ቆሜ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎምኩ። በሥራ ዘመኔ እንደዚህ ያለ ከባድ ትርጉም ገጥሞኝ አያውቅም።

በዚህ መሃል የኖሉቮ ዓለም እየጠበበ ሄደ። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ፤ ቀጥሎ የሻይ ማንቆርቆሪያው ፉጨት፤ ቀጥሎ የሰው ንግግር እንደ ታፈነ ጉርምርምታ ሆነባት። ከንፈር አይታ እንዳትረዳ በቲቢ ክፍል የሁሉም ሰው አፍ ተሸፍኗል። ሲስተር ፑሜዛ በመሸፈኛዋ ውስጥ «ትሰሚኛለሽ?» ስትላት፣ ኖሉቮ ከዓይኗ ገምታ «አልበላሁም» ትላለች። ሁለቱም ይስቃሉ፤ ከዚያ ሲስተር ፑሜዛ ወደ መጋረጃው ዞር ትላለች።

አንድ ጠዋት ኖሉቮ ኪኒኖቿን በሙሉ አንድ ባንድ ዋጠችና ለመርፌው አልተኛም አለች። «የቀረችኝን ጥቂት ጆሮ አልሰጥም» ብላ ብርድ ልብሷን በወገቧ ዙሪያ ጠቀለለች፤ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። በማግስቱም እንዲሁ። ወሬው ደረሰና «እምቢተኛ» የሚል ስም ወጣላት። እምቢተኛን የሚያናግር ደግሞ ታላቅ ሰው ነውና ክቡርነትዎ ራስዎ ተከታዮችዎን አስከትለው መጡ። ያን ቀን እኔም ነበርኩ፤ የረሱት ነገር ካለ እነሆ።

በመሸፈኛዎ ውስጥ ሆነው፣ ራርተው፣ «ልጄ፣ መርፌውን ካቆምሽ ልትሞቺ እንደምትችዪ ታውቂያለሽ?» አሏት።

ኖሉቮ ዓይንዎን አየች፤ ደግ ዓይን ነው። «ደህና ነኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎስ ደህና ነዎት?» አለችዎ።

ተከታዮችዎ አንገታቸውን ደፍተው ሳል ሳል አሉ። እማማ ማምቶሎ «የኔ ልጅ፣ አትሰማህም፤ ጻፍላት!» አሉዎት። እርስዎም ብዕር ተቀብለው በትልልቅ ፊደል «መስማት ወይስ መኖር? ምረጪ» ብለው ጻፉ። ኖሉቮ አነበበችው። የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ከመጠን በላይ ጮኻ፣ «ሁለቱንም!» አለች። ከዚያም ወደ ጎን አልጋ እየጠቆመች፣ «እማማ ሁለቱንም አግኝተዋል፤ ይውጣሉ፣ ይሰማሉ። እኔ ዘግይቼ ስለተወለድኩ ነው የምቀጣው?»

እማማ ማምቶሎ በምርኩዛቸው ተደግፈው ብድግ አሉ። «ስማ፣ እኔ በዚህ ዓለም የምሰማውን ሰምቼ ጨርሻለሁ፤ ባሌን ሳይቀር! ኪኒኑን ለልጅቷ ስጣት፣ መርፌውን ለኔ ውጋ፤ ይኸው ቂጤ!» ብለው ቀሚሳቸውን መሰብሰብ ሲጀምሩ ተከታዮችዎ ወደ በሩ ተጋፉ። ክቡርነትዎ ግን ረጋ ብለው «እናያለን» አሉና ወጡ። ያቺን «እናያለን» እስከ ዛሬ ድረስ አላየናትም።

ያየነው ሌላ ነገር ነው። ዶክተር ሙድሊ ከተከታዮችዎ ኋላ ቆመው ነበር። ወጡና ያንን የመኪና ማቆሚያ በእግራቸው ተሻገሩ። እኔም ተከተልኳቸው። ዶክተር ስዋርት በሩን ከፍተው ሲያዩአቸው «እንዴ! ሁልጊዜ ውሻዬ የሚጮህብሽ አንቺ ነሽ?» አሏቸው። ለካ በሐኪሞቹ መኖሪያ ግቢ ውስጥ አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ኖረዋል። አንዱ የሌላውን ውሻ ያውቃል፤ ሥራውን አያውቅም። ተቀመጡ፤ ሻይ ተቀዳ፤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ የምሽቱ ኪኒን ተቀየረ፤ ልዩ ፈቃዱንም በጋራ ፈርመው ጠየቁ። መርፌውም በይፋ ቆመ።

ፈቃዱ እስኪመጣ ያለፉትን ሳምንታት ግን በቀልድ ልጽፍልዎ አልችልም። ልጅቷ ታስላለች፤ የሚረዳት መድኃኒት ገና መንገድ ላይ ነው። በየቀኑ ከሆስፒታሉ ስወጣ ታክሲ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ እህቴን «አደራሽን በላሁት መሰለኝ» እላት ነበር። ፈቃዱ ሲመጣ ሲስተር ፑሜዛ ወረቀቱን ከሩቅ እያውለበለበች ስትገባ ለኖሉቮ መጻፍ አላስፈለገንም። የሴቶቹ ክፍል በሙሉ፣ ሳንባ ያለውም የሌለውም፣ አልጋ እየደበደበ ዘፈነ፤ ኖሉቮም ንዝረቱን በፍራሹ በኩል ሰማችው።

አዲሱ ኪኒን ሠራ። ሳሉ ተዋት፣ ሥጋዋ ተመለሰ፣ አክታዋ ነጻ ሆነ፣ ቤቷ ገባች። የሄደው ጆሮ ግን አልተመለሰም። አሁን የሚሰማት ነጎድጓድ፣ የጭነት መኪናና፣ እሷ እንደምትለው፣ የእኔ ማስነጠስ ነው።

ሊረሳ የማይገባው አራተኛው ምስጋና፣ ከበሽታው የዳኑ ወጣቶች በተሸለሙበት በዓል ላይ ኖሉቮን መድረክ አውጥተው ስለሰጧት ስጦታ ነው። ስሟ በድምፅ ማጉያ ደጋግሞ ተጠራ፤ አልወጣችም። «የዘመኑ ልጆች ይኮራሉ» ተባለ። እኔ ትከሻዋን ነካሁና ወጣች፤ ተጨበጨበ፤ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ሬዲዮ ሰጧት፤ ከጆሮ ማዳመጫው ጋር። እርስዎን ባለፈው እሑድ የሰማሁዎ በእሱ ነው፤ ድምፁ እጅግ ግሩም ነው።

ክቡር ሆይ፣ የምለምነው ብዙ አይደለም። የቀሩትን ልጆች ጆሮ ሳይለኩ አይውጉ፤ እንዲያውም ኪኒኑን በልዩ ፈቃድ ማግኘት እንደሚቻል ስላየነው ጭራሹን አይውጉ። ሁለቱ ክሊኒኮች በአንድ ክፍል ይቀመጡ፤ ሌላ ቦታ ከጠፋ ያ የስፖንጅ ክፍል ሰፊ ነው። ለነርሶቹም ጠመኔና ሰሌዳ ይስጧቸው።

ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት ከመኪና ማቆሚያዎ የሚሰፋ፣ ትዕግሥቴ ከእርስዎ «እናያለን» የሚረዝም፣ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ በነጻ ያገለገልኩዎ፣ ወደፊትም በሕይወት ካቆዩኝ የማገለግልዎ፣

ትሑት አገልጋይዎ
ዝዌሊባንዚ ማኖና
ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ ልከተው ስል ከሆስፒታልዎ የወጣቶች ምክር አገልግሎት ስልክ ተደወለ። አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ «አባባ፣ ኖሉቮን ያገናኙኛል? ስለ መድኃኒት አወሳሰዷ በስልክ ላማክራት ነበር» አለችኝ። «ልጄ፣ ኖሉቮ ስልክ አትሰማም» አልኳት። «ይገባኛል አባባ፤ ግን አለመስማቷን ከራሷ አንደበት ማረጋገጥ አለብኝ» አለች። መመሪያ መመሪያ ነውና ማን እንደደወለ ለኖሉቮ ጽፌ አሳየኋትና ስልኩን ሰጠኋት። ተነሥታ ቆመች፤ በሁለት እጇ ያዘችው። «እኔ አልሰማችሁም፤ እናንተ ግን ስሙኝ» አለች። «በኔ አልጋ ላይ አሁን የተኛችው አቪዌ ትባላለች፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ መርፌውን ጀምረውላታል...» እዚህ ላይ መስመሩ ተዘጋ፤ የተዘጋ ስልክ «ጡ ጡ» ሲል እኔ ከቆምኩበት ሰማሁት። እሷ ግን አልሰማችውምና ቀጠለች። «ትናንት ልጠይቃት ሄጄ፣ ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል ብላ ጻፈችልኝ። እኔንም እንደዚያ ነው የጀመረኝ። ነገ አትበሉ፤ ዛሬ አቁሙላት። ኪኒኑን ስጧት፤ ትንሽ ናት ካላችሁ እኔም ትንሽ ነበርኩ፣ ይኸው ድኛለሁ። ስላዳመጣችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ።» ስልኩን መለሰችልኝና ፊቴን ትኩር ብላ እያየች «ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ምን አሉ ልበላት?